«ዝም አይነቅዝም» የማይሠራበት በሽታ፦ የታችኛው ጉሮሮ ካንሰር

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አንዱን ደጋግሜ አነበብሁት። ጸሐፊዋ ስሜ እንዳይጠቀስ ብላለችና አልጠቅሰውም። ደብዳቤው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«አባቴ ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ምግብ አልወርድ እያለው፣ አንድ ጆሮውንም እያመመው ወራት ቆየ። በመጨረሻ ሐኪሞቹ የታችኛው ጉሮሮ ካንሰር ነው አሉን። እንግሊዝኛ ስለማይችል የማስተረጉምለት እኔ ነኝ። ካንሰር የሚለውን ቃል ከአፌ ማውጣት አቅቶኝ ‹ቁስል ነው› አልሁት። አሁን ሐኪሞቹ በቀዶ ሕክምናና በጨረር መካከል ምረጥ እያሉት ነው። እርሱ ግን የሚመርጠው ለቁስል መስሎታል። ለመሆኑ ጉሮሮ ላይና ታች አለው እንዴ? እውነቱንስ ልንገረው ወይስ ልተወው?»

ጥያቄዎቹ ሁለት ይምሰሉ እንጂ አንዱ ያለ ሌላው አይመለስም። ልጅቷ ለአባቷ ልትነግረው የምትችለው በሽታውን ራሷ ስታውቀው ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነርስ ነኝ። ከስደት ዘመኔ አብዛኛውን የሠራሁት የአንገትና የጉሮሮ ሕመምተኞች በሚታከሙበት ክፍል ስለሆነ፣ በዓይኔ ያየሁትንና ከሐኪሞቹ የተማርሁትን በእኛው ቋንቋ አስረዳለሁ።

አበው «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። በብዙ ነገር እውነት ነው። በዚህ በሽታ ግን ዝም ይነቅዛል። በሽታው ራሱ ዝምተኛ ነው፤ እኛም ስለ ሕመማችን ዝምተኞች ነን። ሁለቱ ዝምታዎች ሲገናኙ ጊዜ ያልፋል። ጊዜ ሲያልፍ የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ ድምፅ ነው፤ አንዳንዴም ሕይወት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ

በአማርኛችን ካንሰርን «ነቀርሳ» የምንል ብዙ ነን። ችግሩ ግን ቲቢንም «የሳንባ ነቀርሳ» እንለዋለን። በዚህ የተነሣ አንዳንዱ ካንሰር ሲባል የሚተላለፍ መስሎት የሕመምተኛውን ብርጭቆ ይለያል። ሌላው ደግሞ ነቀርሳ ሲባል በስድስት ወር ኪኒን የሚለቅ ይመስለዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው። ቲቢ በጀርም የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው። ካንሰር ግን የገዛ ሰውነታችን ሕዋስ ልክ ሳይኖረው ሲባዛና የጎረቤቱን ቦታ ሲወር የሚፈጠር ነው። ካንሰር ከያዘው ሰው ጋር አብሮ በመብላትና በመጠጣት አይጋባም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ካንሰር» እያልሁ እቀጥላለሁ።

ላይና ታች ያለው ጉሮሮ

ለጸሐፊዋ የመጀመሪያ ጥያቄ መልሱ፣ አዎን፣ ጉሮሮ ላይና ታች አለው ነው። እንዲያውም ሦስት ክፍል አለው። ጉሮሮ ከአፍንጫ በስተኋላ ተነሥቶ እስከ ምግብ ቧንቧ አፍ የሚወርድ፣ በጡንቻ የተሠራ መተላለፊያ ነው። የላይኛው ክፍል ከአፍንጫ ኋላ ያለው ነው። መካከለኛው አፋችንን ከፍተን መስታወት ስናይ የሚታየን፣ እንጥልና ቶንሲል ያሉበት ነው። የታችኛው ግን ከምላስ ሥር በታች፣ ከማንቁርት ኋላና ግራ ቀኝ ተደብቆ ይገኛል።

ይህ የታችኛው ክፍል መንታ መንገድ ነው። የምንተነፍሰው አየር ወደ ፊት፣ ወደ ማንቁርትና ወደ ሳንባ ይታጠፋል። የምንውጠው ምግብ ወደ ኋላ፣ ወደ ምግብ ቧንቧ ይወርዳል። በአንገታችን ፊት ለፊት የምንዳስሰው ጠንካራ ነገር ማንቁርት ነው፤ የድምፅ አውታሮቻችን ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። በማንቁርት ግራና ቀኝ ሁለት ጎድጓዳ ኪሶች አሉ። ሐኪሞች ፒሪፎርም ሳይነስ ይሏቸዋል። የምንጠጣው ውኃና የምንጎርሰው እንጀራ ወደ ምግብ ቧንቧ የሚወርደው በእነዚህ በኩል ነው። የታችኛው ጉሮሮ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከእነዚህ ኪሶች በአንዱ ውስጥ ነው። የቀረው ከማንቁርት በስተኋላ ካለው ገጽ ወይም ከጉሮሮው የኋላ ግድግዳ ይነሣል።

እንግዲህ ይህን ስፍራ በልባችሁ ሣሉት። አፍ ከፍቶ በባትሪ ቢያዩት አይታይም። ኪሱ ሰፊ ስለሆነ ዕጢው ለወራት ቢያድግም መንገድ አይዘጋም። በዚያ ላይ አካባቢው ሊምፍ የተባለው ፈሳሽ በሚመላለስባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች የተሞላ ነው። ስለዚህ በሽታው ገና ጉሮሮ ውስጥ ሳይታወቅ ወደ አንገት ዕጢዎች ይሻገራል። ከአራት ሕመምተኞች ሦስቱ ያህል በሽታቸው የሚታወቀው ከተስፋፋ በኋላ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ከታወቀ በኋላ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚኖሩት በድምሩ ከሦስቱ አንዱ ያህል ናቸው። በሽታው ገና ከቦታው ሳይወጣ የተገኘባቸው ሰዎች ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይህን ያህል ይቆያሉ። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በአመዛኙ የጊዜ ልዩነት ነው።

በሽታው በዓለም ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ብዙ የሚባል አይደለም። በዓመት ከ80 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። የሚበዛው ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዓመት ባለፈ ወንዶች ላይ ነው። ሆኖም ሴቶችን አይምርም፤ ለዚህ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

ምልክቶቹና እኛ የምናወጣላቸው ስም

ምልክቶቹ ብዙ አይደሉም። ሲውጡ ማመም ወይም ምግብ መተናነቅ አንድ። የዓሣ እሾህ የተሰነቀረ የሚመስል፣ አልወርድ የሚል ስሜት ሁለት። የአንድ ወገን የጆሮ ሕመም ሦስት። የአንገት እብጠት አራት። የድምፅ መጎርነን አምስት። ያለ ምክንያት መክሳትና ከምራቅ ጋር ደም ማየት ደግሞ በኋላ ይመጣሉ።

እኛ ግን ለእያንዳንዱ ምልክት የተዘጋጀ ስም አለን። መተናነቁን «ቃር ነው» እንላለን። ሕመሙን «ቶንሲል ነው» ወይም «እንጥል ወርዶ ነው» እንላለን። የአንገቱን እብጠት «ንፍፊት ነው» ወይም «እንቅርት ነው» ብለን እንተወዋለን። ጉርናናውን «ብርድ ነው፣ ኤርኮንዲሽን ነው» እንላለን። ከዚያም ዝንጅብሉ ይፈላል፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ይዋጣል፣ ዳማ ከሴ ይጨመቃል። በዚህ አልስቅም፤ እኔም ጉንፋን ሲይዘኝ ዝንጅብል አፈላለሁ። ብርድና ቶንሲል ግን ዕድሜ አላቸው። በሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ይለቃሉ። በአውሮጳ ያሉ የአንገትና የጉሮሮ ሐኪሞች ለሕዝብ የሚያስተምሩት ልክ አላቸው፤ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ እንኳ ከሦስት ሳምንት ካለፈ መታየት አለበት ይላሉ። ሦስት ሳምንት ያለፈው ቃር ስሙ ቃር መሆኑ በምርመራ ይረጋገጥ።

የጆሮው ነገር ብዙ ሰው ስለሚያሳስት ለብቻው ላስረዳ። ከጉሮሮና ከማንቁርት ስሜትን ወደ አንጎል የሚወስደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ሌላ ቅርንጫፉን ወደ ጆሮ ይልካል። ታች ጉሮሮ ውስጥ ቁስል ሲኖር መልእክቱ በዚያው ነርቭ ስለሚሄድ አንጎላችን ሕመሙ ከየት እንደ ተነሣ መለየት ይሳነዋል። ስለዚህ ሰውየው የሚሰማው ጆሮውን ነው። ጆሮው ሲታይ ግን ንጹሕ ነው። ንጹሕ ጆሮ የሚያመው አዋቂ ሰው፣ በተለይ የሚያጨስ ከሆነ፣ ጉሮሮው እስከ ታች መታየት አለበት።

አንድ ወገናችንን አስታውሳለሁ። እንዳይታወቅ ጥቂት ዝርዝር ለውጫለሁ። ታክሲ ነጂ ነበር። ቀኝ ጆሮውን እያመመው ሰባት ወር ያህል ከአንድ ክሊኒክ ወደ ሌላው ተመላልሶ ጠብታ ሲሰጠው ከረመ። ወደ እኛ ሲመጣ አንገቱ ላይ ባቄላ የሚያህል እብጠት ወጥቶ ነበር። «ጆሮዬን ያላየው ሐኪም የለም፤ ጉሮሮዬን ግን ማንም አላየውም» አለኝ። እርሱም ቢሆን ሲውጥ እንደሚያመው ለአንዳቸውም አልነገረም ነበር። «ያ የጨጓራ ነው ብዬ፤ ለዚያ ማን ሐኪም ያስቸግራል?» ነበር መልሱ።

የአንገት እብጠትን በሚመለከት ደግሞ በእኛ ሰው ላይ የሚደርስ ልዩ ነገር አለ። በአገራችን የአንገት ዕጢ ቲቢ የተለመደ በሽታ ነው። ስለዚህ እኛም፣ የፈረንጅ ሐኪሞችም፣ ኢትዮጵያዊ አንገት ላይ እብጠት ሲታይ መጀመሪያ የምናስበው ቲቢን ነው። ብዙ ጊዜም ልክ ይሆናል። ነገር ግን ግምት ምርመራ አይደለም። በቀጭን መርፌ ከእብጠቱ ጥቂት ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቲቢ ይሁን ካንሰር ይለያል። «መርፌው ተደርጓል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከየት ይመጣል?

ዋናው ምክንያት ትንባሆ ነው። ሁለተኛው አልኮል ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ጉዳቱ በመደመር ሳይሆን በመባዛት ያድጋል። የትንባሆው ጢስ መርዙን ያመጣል፤ አልኮሉ ደግሞ የጉሮሮውን ገጽ አሳስቶ ለመርዙ በር ይከፍትለታል። አልኮል ራሱም በሰውነታችን ውስጥ አሴታልዴሃይድ ወደሚባል መርዝ ይለወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አልኮልን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ የመደበው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1988 ነው። ውስኪ ይሁን አረቄ፣ ቢራ ይሁን ጠጅ፣ አልኮሉ ያው አልኮል ነው።

«እኔ ሲጋራ አላጨስም፣ ሺሻ ብቻ ነው» የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። ውኃው ጢሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጥበውም። እንዲያውም ቀዝቅዞ ስለሚገባ ሰው በረጅሙ ይስበዋል፤ አንድ ሰዓት የተቀመጠ ሰው የሚስበው ጢስ ከአንድ ሲጋራ ጢስ ብዙ እጥፍ ነው። ጫት ቤት ተቀምጦ ሲቅም «ለምርቃና ያህል» አንድ ፓኬት የሚጨርሰውም ሰው ራሱን «አጫሽ አይደለሁም» ማለቱን ቢተው ይሻላል።

ሴቶችን የሚመለከተው እነሆ። ለረጅም ጊዜ የብረት እጥረትና ደም ማነስ ያለባት ሴት አንዳንድ ጊዜ በታችኛው ጉሮሮዋና በምግብ ቧንቧዋ መገናኛ ላይ ስስ ሽፋን ያበቅልባትና ጠጣር ምግብ መዋጥ ያስቸግራታል። ይህን በ1919 ፓተርሰንና ብራውን ኬሊ የተባሉ ሁለት የብሪታንያ ሐኪሞች ጽፈውታል። ከእነዚህ ሴቶች አንዳንዶቹ ከማንቁርት ኋላ ባለው ክፍል ካንሰር ያዛቸው፤ ብዙዎቹም ሲጋራ በአፋቸው ገብቶ የማያውቅ ነበሩ። በስዊድን ይህ ችግር ጎልቶ ይታይ ነበር፤ የሕዝቡ አመጋገብ ሲሻሻልና ዱቄት ላይ ብረት ሲጨመር እየጠፋ ሄደ። ስለዚህ እኅቶቼ፣ ደም ማነስ አለብሽ ተብላችሁ የተሰጣችሁን የብረት ኪኒን ሆዴን አደረቀኝ ብላችሁ አትተዉት፤ ካደረቃችሁ ሐኪማችሁ ይለውጥላችሁ።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። በጋዜጣና በቴሌቪዥን ስለ ጉሮሮ ካንሰር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ነው። ያ ቫይረስ በይበልጥ የሚያጠቃው መካከለኛውን ጉሮሮ፣ ቶንሲልንና የምላስን ሥር ነው። የታችኛው ጉሮሮ ላይ ድርሻው አነስተኛ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት በዚህ በሽታ ምክንያት እርስ በርስ መጠራጠር አይገባቸውም።

ምርመራው፣ አንድ ንጉሠ ነገሥትም

ሰው የገዛ ማንቁርቱን በመስታወት ማየት እንደሚችል ያሳየው ሐኪም አልነበረም። በ1854 ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ ስፔናዊ የዘፈን መምህር የፀሐይ ብርሃን በትንሽ መስታወት አስገብቶ የራሱን የድምፅ አውታሮች ሲንቀሳቀሱ አየ። ዛሬ ያ መስታወት በቀጭን፣ እንደ ገመድ በሚተጣጠፍ መመልከቻ ተተክቷል። በአፍንጫ በኩል ይገባል፤ አፍንጫው በመድኃኒት ስለሚደነዝዝ ይኮረኩራል እንጂ ብዙ አያምም፤ ጥቂት ደቂቃ ነው። የሚጠረጠር ነገር ካለ ሕመምተኛው በማደንዘዣ ተኝቶ ናሙና ይወሰዳል። ሲቲ ስካንና ሌሎች ፎቶዎች ደግሞ በሽታው የት እንደ ደረሰ ያሳያሉ።

«ቢላዋ ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ወሬ በእኛ ዘንድ ብዙ ሰው ናሙናውን እንዲሸሽ አድርጓል። በሽታውን የሚያሰራጨው ናሙናው አይደለም፤ ስንሸሽ የሚያልፈው ጊዜ ነው።

ናሙናው ንጹሕ ነው ቢባል እንኳ ምልክቱ ካልለቀቀ ነገሩ አላለቀም። ለዚህ ከታሪክ የታወቀ ምሳሌ አለ። የጀርመኑ አልጋ ወራሽ ፍሬደሪክ በ1887 መጀመሪያ ድምፁ ጎረነነ። የጀርመን ሐኪሞቹ ካንሰር ጠርጥረው በቀዶ ሕክምና እናውጣው አሉ። ከእንግሊዝ የተጠራው ዶክተር ሞረል ማከንዚ ናሙና ወሰደ፤ ስመ ጥሩው ሊቅ ፊርኮቭ በተላከለት ቁራጭ ላይ ካንሰር አላየሁም አለ። ቀዶ ሕክምናው ቀረ፤ ወራትም አለፉ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። በየካቲት 1888 መተንፈስ ስላቃተው አንገቱ ተቀዶ ቱቦ ገባለት፤ ድምፁም ጠፋ። በመጋቢት ዙፋን ላይ ሲወጣ ትእዛዙን የሚሰጠው በወረቀት እየጻፈ ነበር። የነገሠው 99 ቀን ብቻ ነው። የእርሱ ካንሰር የማንቁርት ነበር፤ የታችኛው ጉሮሮ የቅርብ ጎረቤት ማለት ነው። በዚያ ዘመን ቀዶ ሕክምናውም ቢሆን ገዳይ ስለ ነበር ቢደረግለት ይድን ነበር ብዬ አልፈርድም። ትምህርቱ ግን አልቀረም፤ አንድ ንጹሕ ውጤት የሚቀጥልን ምልክት አይሽርም።

ሕክምናውና የድምፅ ጉዳይ

አሁን የጸሐፊዋ አባት ወደ ተጠየቀው ምርጫ እንምጣ። ለካንሰር ተብሎ ማንቁርትን ሙሉ በሙሉ በማውጣት የመጀመሪያው ቢልሮት ነው፤ በ1873 መጨረሻ በቪየና። ከዚያ ወዲህ ለመቶ ዓመት ያህል ለተስፋፋው የታችኛው ጉሮሮ ካንሰር ዋናው ሕክምና ማንቁርትን ከጉሮሮው ክፍል ጋር ማውጣት ነበር። ሰውየው በአንገቱ ፊት በተከፈተ ቀዳዳ ይተነፍሳል፤ ድምፁንም ያጣል።

በ1996 ከአውሮጳ የወጣ ጥናት ይህን ቀየረ። ሁለት መቶ ያህል ሕመምተኞች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ወዲያው ኦፕራሲዮን ተደረጉ። ሌሎቹ መጀመሪያ ኬሞቴራፒ ተሰጣቸው፤ ዕጢው ከጠፋ ጨረር ተከተለ፤ ካልጠፋ ኦፕራሲዮን ተደረጉ። ሁለተኞቹ ዕድሜያቸው ከመጀመሪያዎቹ አላነሰም። በአምስተኛው ዓመት ላይ ከሦስቱ አንዱ ያህል የሚሠራ ማንቁርት እንደ ያዙ ለመቆየት ችለዋል። በሌላ ቋንቋ፣ ድምፅን ለማዳን መሞከር ዕድሜን አላሳጠረም።

ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች የሚሰጠው ጨረርና ኬሞቴራፒ ባንድ ላይ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለሰባት ሳምንት ያህል። ቀላል አይደለም። ጉሮሮ ይቆስላል፣ ምራቅ ይደርቃል፣ ለጊዜው በሆድ በኩል በገባ ቱቦ መመገብ ሊያስፈልግ ይችላል። ዕጢው የማንቁርቱን አጥንት ሰብሮ ከወጣ፣ ወይም ሰውየው ከወዲሁ መዋጥና መተንፈስ ካቃተው፣ ማንቁርቱን ማቆየት ጥቅም የለውምና ኦፕራሲዮኑ ይሻላል። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በሽታው ለተመለሰባቸው ሰዎች የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁ መድኃኒቶች ተፈቅደዋል።

ጨረር የሚጀምር ሰው ሦስት ነገር አይርሳ። አንደኛ፣ አስቀድሞ ጥርስ ሐኪም ይየው፤ ከጨረር በኋላ ጥርስ ማስነቀል መንጋጋን ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛ፣ የመዋጥ ልምምዱን ከመጀመሪያው ቀን ይጀምር፤ ያልሠራ ጉሮሮ ይደርቃል። ሦስተኛ፣ ትንባሆውን ያቁም፤ በጨረር ላይ እያለ የሚያጨስ ሰው ሕክምናው ይደክምበታል።

ማንቁርቱ የወጣ ሰው ለዘላለም ዲዳ ሆነ ማለት አይደለም። አየር ወደ ምግብ ቧንቧ አስገብቶ በማውጣት መናገር የሚማር አለ። በአንገት ላይ በሚያዝ የሚነዝር መሣሪያ የሚናገር አለ። ከ1980 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ብሎምና ሲንገር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሠሩት፣ በአየር ቧንቧና በምግብ ቧንቧ መካከል የሚገባ ትንሽ መሣሪያ አለ። በርሱ የሚናገር ሰው አማርኛውን አጥርቶ ሲያወራ፣ ቀልድም ሲቀልድ ሰምቻለሁ። ቤተሰብ ግን አንድ ነገር ይወቅ፤ እንዲህ ያለ ሰው ራሱን ቢስት ትንፋሽም ኦክስጂንም የሚሰጠው በአንገቱ ቀዳዳ ነው። በአፍና በአፍንጫው በኩል ወደ ሳንባው የሚወስድ መንገድ የለም።

ልንገረው ወይስ ልተወው?

ልጄ ሆይ፣ ይህን ሁሉ የጻፍሁት ወደዚህ ለመድረስ ነው። አባትሽ እንዲመርጥ የተጠየቀው በድምፁና በትንፋሹ፣ በሰባት ሳምንት ስቃይና በአንድ ቀን ቢላዋ መካከል ነው። ይህን ምርጫ ለቁስል ብሎ የሚመርጥ ሰው የለም። ቁስል መስሎት ጨረሩን በሦስተኛው ሳምንት ቢያቋርጥ ማን ይወቅሰዋል? ቁስል ነው ተብሎ ድምፁን አጥቶ ቢነቃስ ምን ትይዋለሽ?

ባህላችንን አውቃለሁ። መርዶ እንኳ በጠዋት፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰው ተደግፎ ነው የሚነገረው። ይህ ደግነት ነው፤ ልንጥለውም አይገባም። እንዲያውም እዚህ ላይ ልንጠቀምበት እንችላለን። ብቻሽን በሆስፒታል ኮሪደር ላይ አትንገሪው። የሚያከብረውን ወንድሙን ወይም የልብ ወዳጁን ጥሪ፤ አስቀምጡት፤ ስሙን ጠርታችሁ ንገሩት፤ ሕክምና እንዳለውም በዚያው አፍ ንገሩት። ብዙ ሕመምተኞች ቀድመው ጠርጥረው፣ ቤተሰቡ እንዳይጨነቅ ብለው እነርሱም ዝም ሲሉ አይቻለሁ። አባትና ልጅ እርስ በርስ ይደባበቃሉ።

የማስተርጎሙን ሸክም ደግሞ ካንቺ ላይ አውርጂ። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ቋንቋውን ለማይችል ሕመምተኛ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታው ነው። መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው፤ በ2010ሩ የጤና ሕግም ጸንቷል። «የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» ብለሽ ቀጠሮ ሲያዝ ተናገሪ። አንቺ በዚያ ቀን ልጅ ሁኚለት፤ እጁን ያዢለት። ቃሉን ባለሙያው ያቀብል።

በአገር ቤት ላሉት

ብዙዎቻችን እዚህ ሆነን በስልክ የእናት የአባታችንን ሕመም እንሰማለን። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወረፋውም ወራት የሚፈጅ ነበር። ረጅም ወረፋ ባለበት አገር የዘገየ ምርመራ እጥፍ ይጎዳል። ስለዚህ እናታችሁ «ትንሽ ይተናነቀኛል እንጂ ደኅና ነኝ» ስትላችሁ ለመድኃኒት ብላችሁ ብር ከመላካችሁ በፊት፣ አንገቷን የሚዳስስና ጉሮሮዋን በመመልከቻ የሚያይ ሐኪም ዘንድ መሄዷን ጠይቁ። በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራችሁ ያላችሁ እኅቶች ደግሞ ሐኪም ቤት መሄድ በአሠሪ ፈቃድ እንደሚሆንባችሁ አውቃለሁ። «ጉሮሮዬን አመመኝ» ከማለት «መዋጥ አቅቶኛል፣ ሦስት ሳምንት አልፎታል» ማለት ይበልጥ ይሰማል።

ከዚህ ሁሉ ሌላው ቢረሳ፣ ቀጥሎ ያለውን ቆርጣችሁ በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉልኝ፦

1ኛ. ሲውጡ ማመም፣ መተናነቅ፣ የአንድ ወገን የጆሮ ሕመም፣ የአንገት እብጠት፣ ጉርናና፤ ከእነዚህ አንዱ ሦስት ሳምንት ካለፈው የጉሮሮ ሐኪም ይየው።

2ኛ. ለሐኪሙ ሁሉንም ምልክት ንገሩት፤ የምታጨሱትንና የምትጠጡትንም ሳትቀንሱ።

3ኛ. የአንገት እብጠት በግምት አይታከም፤ ናሙና ይወሰድ።

4ኛ. ውጤቱ ንጹሕ ተብሎ ሕመሙ ከቀጠለ ተመለሱ።

5ኛ. ለሕመምተኛው የበሽታው ስም ይነገረው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉትም እነዚያው አበው ናቸው። ከሁለቱ ተረቶቻቸው ለጉሮሮ የሚሆነው ይህኛው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።